መርፌ የማይገባበት ጥግ፦ በሕፃናት ዋርድ ውስጥ የመጫወቻና የመማሪያ ቦታ አሠራር

የብዙ ሆስፒታሎቻችን የሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ ሚኪ ማውስ አለ። አንድ ጆሮው ተልጧል። ከሥሩ የተኛው ልጅ ግን አያየውም፤ ሥዕሉ ያለው ከራስጌው በላይ ነዋ። ልጁ የሚያየው ጣሪያውን፣ የግሉኮስ መስቀያውንና በሩን ነው። በዚያ በር ነጭ ጋውን ለብሶ የሚገባ ሁሉ ደግሞ ለሱ መርፌ ነው።

ይህ መመሪያ ለነርሶች፣ ለሆስፒታል አስተዳደሮች፣ ለበጎ ፈቃደኞችና «ለሕፃናቱ አንድ ነገር እናድርግ» ብለው ገንዘብ ላዋጡ ሰዎች ነው። ብዙ ብር አይጠይቅም። አንድ ጥግ፣ አንድ ቁም ሣጥንና አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ካለ ይጀመራል። አስቀድመን ግን በአንድ ነገር እንስማማ። ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ «እምቢ» ማለት ያቆማል። «ክንድህን አምጣ» ይባላል፣ ያመጣል። «ዋጥ» ይባላል፣ ይውጣል። «አትንቀሳቀስ» ይባላል፣ እናቱ ራሷ ትይዘዋለች። የምንሠራው ቦታ በቀን ለጥቂት ሰዓት ይህችን «እምቢ» መልሶ የሚሰጠው መሆን አለበት። አሻንጉሊቱም ቀለሙም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጨዋታ ቅንጦት ነው የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ ሦስት ነገር ንገሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ለከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና ካስቀመጣቸው 10 እርምጃዎች 9ኛው ማነቃቂያና የስሜት ድጋፍ ነው፤ በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የታቀደ ጨዋታም ያዛል። ከወተቱና ከአንቲባዮቲኩ ጋር በአንድ ዝርዝር ላይ ነው ያለው። ጅማ ላይ በከባድ የምግብ እጥረት ተኝተው በታከሙ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናትም በጨዋታ የታገዙት ልጆች የእንቅስቃሴ ችሎታ መሻሻሉን አሳይቷል። ሦስተኛው ሕግ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት ብሎታል።

1. አልጋው ላይ ተኙ

ቀልድ አይደለም። ልጅ ተሽሎት የወጣበት ባዶ አልጋ ፈልጉና ለአሥር ደቂቃ በጀርባችሁ ተኙ። አምፖሉ ዓይናችሁን ይወጋል? መስኮቱ ይታያል ወይስ ከራስጌያችሁ ነው? ማን ሲያልፍ ታያላችሁ? የምትሰሙትስ ምንድን ነው? ከዚያ ውረዱና ተንበርክካችሁ ክፍሉን ዙሩ። የአራት ዓመት ልጅ ቁመቱ አንድ ሜትር አካባቢ ነው፤ እሱ የሚያየው የጠረጴዛ ጠርዝና የአዋቂ ጉልበት ነው።

ያያችሁትን ጻፉ። ግማሹ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላል። አልጋውን አዙሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ ማድረግ ምንም አያስወጣም። ሥዕሉን ከራስጌ አንሥቶ ግርጌ መስቀል እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት ፔንስልቬኒያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች አነጻጽሮ ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቶሎ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ታካሚዎቹ አዋቂዎች ነበሩ። ቢሆንም ውጭ ባሕር ዛፍ ወይም ጽድ እያለ ልጅን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማስተኛት ምን ይሉታል?

2. ቦታውን ምረጡ

የተለየ ክፍል ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ከነርሶች ጠረጴዛ የሚታይ የዋርዱ ጥግ ይበቃል። የሚታይ መሆኑ ግድ ነው፤ ልጅ ድንገት ቢደክም ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው የሚያይ ሰው ይኑር። በሩ ዊልቸርና የግሉኮስ መስቀያ የሚያስገባ፣ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ደረጃ ካለ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ይሠራለት፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት አስቡ። ውሃ በቅርብ ከሌለ ቧንቧ ያለው በርሜልና ሳሙና አስቀምጡ።

ወለሉ ላይ ሰሌን ወይም የሱፍ ምንጣፍ እንዳታነጥፉ። ያምራል፣ ግን አይታጠብም። በሸራ ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ፍራሽ ሁለት ሦስት ቢኖር፣ እናትም ልጇን ይዛ ትቀመጥበታለች።

ማን እንደማይገባም አሁኑኑ ወስኑ። ኩፍኝ፣ ጉድፍ፣ ቲቢ ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ ወደ ጋራው ቦታ አይመጣም። የኩፍኝ ቫይረስ ልጁ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። በካንሰር መድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅሙ የወረደ ልጅም ከሐኪሙ ፈቃድ ውጭ አይቀላቀል። እነዚህ ልጆች ግን አይረሱ። ለያንዳንዳቸው በትንሽ ቦርሳ ጥቂት መጫወቻ አልጋቸው ድረስ ይሂድላቸው፤ ሲወጡ ይዘውት ይሂዱ።

3. ሕጉን በሩ ላይ ለጥፉ፦ እዚህ መርፌ የለም

ከዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ ሥሩ ብባል የምመርጠው ይህችን ነው፤ ሳንቲም አታስወጣም። በዚያ ጥግ መርፌ አይወጋም፣ ደም አይቀዳም፣ ቁስል አይታሰርም፣ መራራ ሽሮፕ አይሰጥም። «ጨዋታ ይዞታል፣ ሳያየኝ ቶሎ ልውጋው» የምትል ደግ ነርስ ሁሌም አለች። ሐሳቧ ክፉ አይደለም። ልጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ጥግ ተቀምጦ በሩን በሩን ነው የሚያየው። ጨዋታው አለቀ ማለት ነው።

ሥራው እንዲህ ይሁን። ሰዓቱ ሲደርስ ነርሷ መጥታ በስሙ ጠርታ ትነግረዋለች። «አሁን መድኃኒት እንወስዳለን፣ ከዚያ እንመለሳለን።» የጀመረው ጨዋታ አይፈርስም፤ ትሪ ላይ እንዳለ ስሙ ተጽፎበት ይጠብቀዋል። ወደ ማከሚያ ክፍል ይሄዳል፣ ያለቅሳል፣ ይመለሳል። ትሪው ያው እንዳለ ነው። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ ሰዎቹን ማመን ይጀምራል።

ለሐኪሞችና ለነርሶች በሩ አጠገብ ሚስማር ምቱላቸው። መግባት የፈለገ ጋውኑን እዚያ ሰቅሎ ይግባ። መጀመሪያ ይስቁባችኋል። ይሳቁ።

ማከሚያ ክፍሉም ቢሆን ትንሽ ሊሻሻል ይችላል። ትንሽ ልጅ ተጋድሞ አራት ሰው ሲይዘው የሚፈራው መያዙን ጭምር ነው፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ይወጋ። የሚጠባ ከሆነ እየጠባ ቢወጋ ሕመሙ ይቀንሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለክትባት ይህንን ይመክራል። ትልቅ ከሆነ የሳሙና አረፋ ይንፋ። አረፋ የሚነፋ ልጅ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል፣ ጡንቻውም ይላላል። «አያምም» አትበሉት። ያማል። «ትንሽ ያማል፣ አሥር እስክንቆጥር ያልቃል» በሉት፤ ከዚያም በእውነት አሥር ቁጠሩ።

የሕጉ ሁለተኛ ክፍል ለወላጆች ነው። «ዝም ካላልክ ሲስተርን ጠርቼ አስወጋሃለሁ!» በየዋርዱ ይሰማል። እናትየዋን አትቆጧት፤ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ቀረብ ብላችሁ «እንዲህ ስንለው መድኃኒቱን እንደ ቅጣት ያየዋል» በሏት። አብዛኞቹ ቶሎ ይገባቸዋል።

4. አየር፣ ብርሃን፣ ጩኸት

መስኮት ይከፈት። ትይዩ መስኮቶች ካሉ ሁለቱም ይከፈቱ፤ ቲቢንና ጉንፋንን እንደ አየር ዝውውር በርካሽ የሚቀንስ የለም። ክርክሩ ግን ከአስታማሚዎች ጋር ነው። «ልጄን ብርድ ይመታብኛል!» ትክክለኛ ጭንቀት ነው፤ በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ ወይም ክረምት ላይ። መፍትሔው መጨቃጨቅ አይደለም። የልጆቹን መቀመጫ ከነፋሱ መስመር አውጡ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አዘጋጁ፣ ከረፋድ እስከ ከሰዓት ድረስ ብቻ በሰፊው ክፈቱ።

ቴሌቪዥን ካለ ድምፁን ዝቅ አድርጉ። ባይኖር ደግሞ አትግዙ፤ ይህ የግሌ አቋም ነው። ቀኑን ሙሉ በከፍተኛ ድምፅ የሚጮህ ስክሪን ልጁን ያደነዝዘዋል፤ «ተጫወተ» ግን አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሆስፒታል መኝታ ክፍሎች ያስቀመጠው የሌሊት የድምፅ ጣሪያ በአማካይ 30 ዴሲቤል ነው፤ ከሹክሹክታ ብዙ አይበልጥም። የአልጋ ጎማ ዘይት መቀባት፣ የብረት በር ላይ ጎማ መለጠፍ፣ ሌሊት የስልክ ድምፅ ማጥፋት ያን ያህል ከባድ አይደለም።

5. ቀለም

አጭር ነገር ነው። ፈዘዝ ያለ፣ ሞቅ ያለ አንድ ቀለም ግድግዳው ላይ፣ ደማቁን ለመጫወቻዎቹ ተዉት። ስትገዙ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበት መሆኑን ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ ወጥቷል። የተላጠ አሮጌ ዘይት ቀለም ካለ ልጆች ባሉበት አትፈቅፍቁት፤ አቧራው ነው መርዙ። ሥዕል ከተሳለ ልጁ የሚያውቀው ይሁን፦ በሬ፣ አህያ፣ ዶሮ ከነጫጩቶቿ። ዝቅ ተደርጎ ይሳል፣ ልጁ በጣቱ እየነካ እንዲቆጥር።

6. መጫወቻዎቹ

የአዲስ አሻንጉሊት ካርቶን እስኪመጣ አትጠብቁ። የሚከተሉት ከዋርዱ ውስጥና ከሰፈር ሱቅ ይገኛሉ።

የሚንሿሿ ሃይላንድ። ታጥቦ የደረቀ ትንሽ ሃይላንድ ውሰዱ፣ እፍኝ የማይሞላ ሽምብራ ጨምሩ፣ ክዳኑን በጠንካራ ሙጫ ዝጉና በፕላስተር ጠቅልሉት። ከስድስት ወር ጀምሮ ላለ ሕፃን ነው። ክዳኑን በየቀኑ ፈትሹት።

የሚከተት ጣሳ። ስለት የሌለው የወተት ጣሳ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ክዳን ላይ ቀዳዳ አውጡና ልጁ ትልልቅ ነገር ይክተትበት፣ ያውጣ፣ ደግሞ ይክተት። የዓመት ተኩል ልጅ በዚህ ግማሽ ሰዓት ይቆያል።

የካርቶን እንቆቅልሽ። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ላም ሳሉ፣ አራት ቦታ ቁረጡት። ለትልቅ ልጅ ስምንት ቦታ። ሲቆሽሽ ጣሉት፣ ሌላ ሥሩ።

ገበጣ። ለትልልቆቹ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። መደመርና መቀነስ አለው፣ ሁለት ሰው ያገናኛል፣ በአንድ እጅ ይጫወቱታል። ካኑላ (የግሉኮሱ ቀጭን ቱቦ) የገባበት እጅ አርፎ ይቀመጣል። የእንቁላል ካርቶን ሁለት ረድፍ ቆርጣችሁ ባቄላ ብታደርጉበት ሠራ። ጠጠሩና ባቄላው ግን ከትናንሾቹ ይራቅ።

የታመመችው አሻንጉሊት። ይህች ለብቻዋ መነገር አለባት። ከተራ ጨርቅ የተሰፋች፣ የምትታጠብ አሻንጉሊት ናት፤ ፊቷ የልጆቹን የሚመስል፣ ፀጉሯ ሹሩባ። አጠገቧ ከማሸጊያው አዲስ የወጣ መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ ፋሻ፣ ፕላስተርና ካለ አሮጌ ስቴቶስኮፕ አስቀምጡ። ከዚያ ዝም በሉ። የአምስት ዓመት ልጅ አሻንጉሊቷን ክንዷን ይዛ ትወጋታለች። አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። «አይዞሽ፣ አለቀ፣ አለቀ» ትላታለች፤ ነርሷ ለሷ ያለቻትን ቃል በቃል። አንዳንዱ ልጅ ይመታታል፣ ይወረውራታል። አታስቁሙት። እስካሁን የተደረገበትን አሁን እሱ አድራጊ ሆኖ እያየው ነው። የምትጠይቁት ነገር ቢኖር «ምን ሆና ነው የመጣችው?» ብቻ ነው። ከመልሱ ሐኪሙ ያላወቀው ነገር ይወጣል። «ስላስቸገረች ነው የታመመችው» የሚል ልጅ ካለ፣ ራሱን እየወቀሰ ነውና ጥፋቱ እንዳልሆነ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

አሁን ክልከላዎቹ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በሶፍት ጥቅል ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር አይሰጥም፤ ያንቃል። ቆርኪ፣ ብይ፣ የልብስ ቁልፍ በዚህ ውስጥ ናቸው። ክብ ትንሽ ባትሪ ያለበት አሻንጉሊት ክዳኑ በቡሎን ካልታሰረ ከዋርዱ ይውጣ። ያ ባትሪ ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል። እና ጓንት! ነርሶች ደግነታቸው ሲበዛ ጓንት ነፍተው፣ ዓይንና አፍ ስለውበት ለሚያለቅስ ልጅ ይሰጣሉ። ሲፈነዳ ቁራጩ አየር ቧንቧ ላይ ይለጠፋል፣ ለማውጣትም ከባድ ነው። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጓንትም ፊኛም አትስጡ።

ከዲሲ፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ ካርቶን ለምትልኩ ወገኖቻችን አንድ ልመና አለን። ፀጉራም ድቡን ቤት አስቀሩት። ለጋራ መጫወቻ አይሆንም፤ ጀርም ይይዛል፣ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። ለአንድ ልጅ ለብቻው ከሆነ ይሁን። በምትኩ የሚታጠቡ ትልልቅ የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎችን፣ የውሃ ቀለምና ወፍራም ክሬዮን ላኩ።

7. እጥበት

በቀን አንድ ጊዜ፣ አፍ ውስጥ የገባውን ደግሞ ወዲያው። አፍ የነካ መጫወቻ የሚጣልበት አንድ ባልዲ ይኑር፤ እናቶቹም ይልመዱት።

መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ከሆነ (ጠርሙሱ ላይ አንብቡ) 1 እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ በጥብጡ። በ20 ሊትር ጀሪካን ልኬት 400 ሚሊ ሊትር በረኪና ማለት ነው። ለ10 ደቂቃ ንከሩ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። ውህዱ በየቀኑ አዲስ ይሠራል፤ የትናንቱን አትጠቀሙ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ማደባለቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ካርቶንና ወረቀት አይታጠብም፣ ይጣላል። ልጆቹም ሲገቡና ሲወጡ እጃቸውን ይታጠቡ፤ ካኑላ ያለበት እጅ በአልኮል ጄል ይጠረግ።

8. ትምህርት

እግሩ ተሰብሮ ክብደት የተንጠለጠለበት ልጅ ለሳምንታት ይተኛል። ካንሰር የያዛት ልጅ ለወራት ትመላለሳለች። «ይዳን እንጂ ትምህርቱ ይደርሳል» እንላለን። ልጁን ስትጠይቁት ግን ከሕመሙ እኩል የሚያስጨንቀው ከክፍል ጓደኞቹ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው።

ከአንድ ሳምንት በላይ ለሚተኛ ተማሪ ይህን አድርጉ። የት፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ በካርዱ ላይ ጻፉ። የሆስፒታሉን ማስረጃ ለትምህርት ቤቱ ላኩ፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ከሆነ በዚያው ሳምንት። ከአካባቢው ትምህርት ቤት ያገለገሉ የተማሪ መጻሕፍት ለምኑ። ትምህርቱ ጠዋት ከራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን ዞረው ካዩ) በኋላ ለ20 ደቂቃ ይሁን፤ ልጁ ካተኮሰው ወይም ካመመው ይቅር። ለተጋደመ ልጅ ቀላል ጣውላ ደረቱ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ወረቀቱን ቆንጥጡለት። ፈተና፣ ደረጃ፣ «ማን ይበልጣል» የሚባል ነገር አያስፈልግም።

ሪፈራል ሆስፒታል ከሆነ ልጆቹ ከብዙ ቦታ ይመጣሉ። አማርኛ የማይችል ልጅ በዋርዱ ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ ብቸኛ ነው። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የምትችል አስታማሚ ፈልጋችሁ ተረት እንድታወራ ጋብዙ። «ተረት ተረት» ስትሉ «የላም በረት» የሚመልሱት ልጆችም የሌላውን ቋንቋ መክፈቻ ለመማር ጊዜ አይፈጅባቸውም።

9. አስታማሚዋን አትርሱ

ልጁን የምታጫውተው ነርሷ ናት ብላችሁ ካቀዳችሁ አይሠራም። አንዲት ተረኛ ነርስ ስንት አልጋ እንደያዘች ታውቃላችሁ። ሥራው የእናቲቱ፣ የአባቱ፣ የአክስቱ ነው። አንዳንዷ እናት ጨዋታውን ስትጋበዝ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አልተማርኩም» ትላለች። እሹሩሩን ማን አስተማራት? አኩኩሉን፣ ጣት እየቆጠሩ መኮርኮርን ታውቃለች። እሱን ቀጥዪ በሏት። ለሷም የሚቀመጡበት ነገር፣ ሻይ የምትጠጣበት ጠርዝ ይኑራት፤ የተጨነቀች እናት አጠገብ ልጅ አይጫወትም። የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ ካላት የሚንሿሿውን ሃይላንድና የሚከተተውን ጣሳ ራሷ ሠርታ ወደ ቤት ትውሰድ። ማገገሙ የሚቀጥለው እዚያ ነው።

10. ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በብዙ ቦታ ያየሁት ይህ ነው፦ በስጦታ የመጣ አሻንጉሊት ሞልቶ፣ ቁም ሣጥኑ ተቆልፎ፣ ቁልፉ የዓመት ፈቃድ የወጣች ኃላፊ ቦርሳ ውስጥ። የሚቆለፈው «ይጠፋል» ተብሎ ነው።

አዎ፣ ይጠፋል። አንድ ልጅ መኪናዋን ብብቱ ሥር ደብቆ ይወጣል። በዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት። ዋጋ ያላቸውን ጥቂት ዕቃዎች ብቻ ቆልፉ፣ ሌላውን ክፍት መደርደሪያ ላይ ልጅ በሚደርስበት ቁመት አድርጉ። የቁልፉ ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በየፈረቃው ከተረኛዋ ነርስ ወደ ተረኛዋ ከመድኃኒቱ ቁልፍ ጋር ይተላለፍ። በደብተር የሚመዘገበው የመክፈቻ ሰዓት፣ የታጠበበት ቀንና የተሰበረው ዕቃ ብቻ ይሁን። በወር አንድ ቀን ቁጠሩና የጎደለውን በሃይላንድና በካርቶን ተኩ።